ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?

ሐራ፣ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የባቡር መስመር መድረሻ እንድትሆን የታቀደች የሰሜን ወሎ ከተማ ናት። የሚነጋገሩት ሁለቱም ነዋሪዎቿ ናቸው፤ አንዱ ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳልፈው ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ ሁለተኛዋ አምስተኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምር መምህርት። በአዛውንቱ ቤት ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የግብረ ገብ ነገር ተነስቶ ኖሮ ጨዋታው ከዚያ ይጀምራል።

አዛውንቱ፦ ግብረ ገብ ለብቻው ትምህርት ሆኖ ተመለሰ ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ አልደብቅሽም። እኛ ወልድያ ስንማር፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ነበረ። በ1966 አብዮቱ ሲመጣ ግብረ ገብ ወጣና የፖለቲካ ትምህርት ገባ። ከዚያ በ1986ቱ ፖሊሲ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የሚባለው መጣ። አሁን ደግሞ ዞሮ ዞሮ የድሮው ስም ተመለሰ።

መምህርቷ፦ መመለሱ እኔንም ደስ ይለኛል፣ ጋሼ። የሚያሳስበኝ አካሄዱ ነው። ሥነ ዜጋን እኔ ራሴ ተምሬዋለሁ። ዐሥራ አንድ እሴቶች ነበሩ፤ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓትና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያለ ዕውቀትን እስከ መሻት ይደርሳል። ክፍል በተዛወርን ቁጥር እነዚያው ዐሥራ አንዱ ይጠብቁናል። ታታሪነት ማለት ምን ማለት ነው ተብለን እንጠየቃለን፣ ትርጉሙን ጽፈን እናልፋለን። ያንን ትርጉም ከአጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ የቀዳ ተማሪም ሙሉ ማርክ ያገኛል።

አዛውንቱ፦ ይኼማ የሥነ ዜጋ በሽታ ብቻ አይደለም። ትምህርት ሁሉ ተሸምዳጅ ሆኗል።

መምህርቷ፦ ለዚህ ነው ተረቱንና ልብ ወለዱን የሙጥኝ ያልኩት። ግን እሱንም እንደዚያው እያደረግነው ነው። ምንባቡ ይነበባል፤ ከሥሩ ጥያቄዎች አሉ፤ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» የሚል ነው። ልጆቹ ታሪኩን ሳይጨርሱ መልሱን ያውቁታል። ስለ ጅብ ይሁን ስለ ንጉሥ፣ «መልካም ሰው መሆን እንዳለብን ተምረናል» ነው። መምህሩ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፣ ደወል ይደወላል።

አዛውንቱ፦ መልሱ ግን ውሸት አይደለም።

መምህርቷ፦ ውሸትስ አይደለም። ግን ማንም ልጅ አስቦ ያገኘው አይደለም። እስቲ የእንቁላሉን ሌባ ያስታውሱ።

አዛውንቱ፦ ማን ይረሳዋል! ልጁ እንቁላል ሰርቆ ያመጣል፣ እናቱ ዝም ብላ ትቀበለዋለች። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ ያድጋል። ተይዞ ሊሰቀል ሲል እናቴን ልሳማት ብሎ ይለምንና ይነክሳታል። ጡቷን ነው የሚል አለ፣ ጆሮዋን የሚልም አለ። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!»

መምህርቷ፦ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ስነግራቸው ንክሻው ላይ ቆምኩ። ምን ተማራችሁ አላልኩም፤ ፍረዱ አልኳቸው። የድሮ ተሟጋቾች «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት ይከራከሩ የለ? ክፍሉን ችሎት አደረግነው። አንድ ልጅ ለሌባው ቆመ፣ አንዲት ልጅ ለእናቲቱ፣ ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፣ የቀረው ሕዝብ ሆነ።

አዛውንቱ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

መምህርቷ፦ ለሌባው የቆመው ልጅ «ጥፋት መሆኑን የማውቀው ስቀጣ ነው፤ ካልተቀጣሁ ልክ መስሎኝ ነው» አለ። ለእናቲቱ የቆመችው ደግሞ «እቤት የሚላስ የሚቀመስ ነበረ ወይ? ተረቱ አልነገረንም። ታናሽ እህቱ ርቧት ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ አንዱ ተነስቶ «አባትየው የት ሄዶ ነው እናትየዋ ብቻ የምትነከሰው?» አለ። ክርክሩ ሞቀ። በመጨረሻ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ብዙም የማትናገር ልጅ ናት፤ «እንቁላሉ የማን ነበር?» አለች።

አዛውንቱ፦ የእንቁላሉ ባለቤትማ ተረቱ ውስጥ የለችም።

መምህርቷ፦ የለችም። ልጆቹ ግን አመጧት። ድሃ ናት ወይስ ሀብታም? ያንን እንቁላል ሸጣ ጨው ልትገዛ ነበር? ሌባው በመጨረሻ ሲሰቀል የሷ ነገር ምን ሆነ? የቀረው ሰዓት ሁሉ በሷ አለቀ። ዳኞቹም አልተስማሙም፤ ሁለቱ እናትም ልጅም ጥፋተኛ ናቸው ሲሉ ሦስተኛዋ «መጀመሪያ ለባለ እንቁላሏ ካሣ ይከፈላት፣ ቅጣቱን ኋላ እናየዋለን» አለች። አያቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ካሣ የሚለውን ነገር ከቤቷ ይዛው መጥታለች።

አዛውንቱ፦ ደስ ይላል ልጄ። ግን እፈራለሁ። የዐሥር ዓመት ልጅ መጀመሪያ ጽኑ ነገር ይፈልጋል። ስርቆት ነውር ነው፣ አለቀ። «ርቦት ቢሆንስ፣ ሳያውቅ ቢሆንስ» እያልሽ ስታስከትዪ፣ ነገ ለራሱ ጥፋት ምክንያት መደርደር ይለምዳል። እኛ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በቃላችን ነበር የያዝነው። ከበደ ሚካኤል ምክሩን አይደብቅም፤ ተረቱን በግጥም ይነግርሽና ምን ለማለት እንደፈለገ ያስረዳሻል። በልጅነቴ ያልገባኝ ስንኝ ጎልምሼ ገብቶኛል። አንዳንዱ ነገር ቃሉ ቀድሞ ይያዛል፣ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ዳዊት ሲደግም እንዲያ ነው፣ ቁርአን ቤት የሚቀራውም እንዲያ ነው።

መምህርቷ፦ በቃል መያዙን አልነቅፍም። እንዲያውም እቀናበታለሁ፤ የኔ ተማሪዎች በቃላቸው የያዙት ግጥም እጅግ ጥቂት ነው። እኔ የምለው፣ መያዙ ብቻውን ይበቃል ወይ ነው።

አዛውንቱ፦ በዚህ ላይ እኔ ራሴ መልስ ያላገኘሁለት ነገር አለኝ፤ ልንገርሽ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መምህራን ለእርዳታ ሥራ ተመድበን ነበር፤ ስም እንመዘግባለን፣ እህል እናድላለን። ሁለት ሰዎች አብረውኝ ይሠሩ ነበር። ሁለቱም አብሮ አደጎቼ ናቸው። አንድ ክፍል ተቀምጠን፣ ከአንድ መምህር፣ አንዱን ግብረ ገብ የተማርን፣ አንዱን ግጥም የያዝን። አንደኛው ሌሊት ሌሊት የስንዴ ጆንያ ያስወጣ ነበር። ሁለተኛው የገዛ ልጁ እየከሳበት ከተራው ውጪ አንዲት ጣሳ አልነካም። ግጥሙ አንድ፣ መምህሩ አንድ፣ ረሃቡም አንድ ነበር።

መምህርቷ፦ ታዲያ ምኑ ለያቸው?

አዛውንቱ፦ አንጀት የሚያርስ መልስ የለኝም። ያየሁትን ግን አልረሳም። የሚሰርቀው ሰውዬ መዝገብ እንጂ ሰው አያይም ነበር። ይኼ ቀበሌ ይህን ያህል ራስ፣ ያኛው ይህን ያህል። ሁለተኛው ስም ይጠራል። የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት መጣሽ፣ ማንን መንገድ ላይ ጥለሽ መጣሽ ይላል። ሰልፉ ይረዝምበታል፣ እንቆጣዋለን፣ አይሰማንም። ያ እህል የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

መምህርቷ፦ የእንቁላሉን ባለቤት ያውቃት ነበር ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ … አዎ። እንዲያ ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እኔ ሥነ ጽሑፍ ሰውን ደግ ያደርጋል ብዬ አልምልም። ብዙ አንብበው ክፉ የሆኑ ሰዎች ሞልተዋል፤ ፊደል ሳይቆጥሩ ቅን የሆኑትን ደግሞ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ልጅ ከሚያገኛቸው ነገሮች ሁሉ፣ እሱን ያልሆነ ሰው ውስጥ ገብቶ ከዚያ ሆኖ እንዲያይ የሚያደርገው ታሪክ ነው። ምክር ይህን አይችልም። ምክር የሚናገረው ለሰሚው ነው፤ ሌላውን ሰው አያሳየውም።

አዛውንቱ፦ ይኼን ስትዪ ፊታውራሪ መሸሻ መጣብኝ። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ነው የወጣው። እኛ ግን ብዙዎቻችን ያገኘነው ኋላ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ፊታውራሪ በዘራቸው ሲኩራሩ፣ በጀግንነታቸው ሲፎክሩ እንስቅባቸዋለን፣ እንጠላቸዋለንም። በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ ወድቀው ሲዋረዱ ግን፣ ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። አጠገቤ የነበረች አንዲት እናት «ምስኪን» አለች። ለማን? ለዚያ ትዕቢተኛ!

መምህርቷ፦ እዩት እንግዲህ፣ ማንም ምን ተማራችሁ አላላችሁም።

አዛውንቱ፦ ወጋየሁ ቢለን ኖሮ ሬዲዮውን እንዘጋው ነበር።

መምህርቷ፦ ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይም ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ዝና እያለው በርስቱ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ በ1872 እንደ ፈረንጆቹ የፊደል ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመላቸው። ለልጆች ከጻፋቸው አጫጭር ታሪኮች አንዷን ለክፍሌ በራሴ አማርኛ እነግራቸዋለሁ። እናት ፕሪም ገዝታ ከምሳ በኋላ ልታድል ሳህን ላይ ታስቀምጣለች። ቫንያ የሚባለው ልጅ ፕሪም ቀምሶ አያውቅም፤ አላስችል ብሎት አንዷን ይበላል። እናት ቆጥራ ጎደለባት። አባት ልጆቹን ሰብስቦ ማን በላ ሲል ሁሉም አልበላንም አሉ፤ ቫንያም። አባትየው «መብላቱስ ባልከፋ፤ የሚያስፈራኝ ፍሬው ውስጥ ያለውን ድንጋይ የዋጠ ሰው መሞቱ ነው» ሲል ቫንያ ደንግጦ «እኔስ ድንጋዩን በመስኮት ጥዬዋለሁ» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ ቫንያ አለቀሰ። አለቀ፤ ከዚህ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር የለም።

አዛውንቱ፦ ምክሩን አስቀረው።

መምህርቷ፦ ለልቅሶው ቦታ ተወለት። ልጆቼ ስለዚያ ልቅሶ ነው የሚከራከሩት። ያለቀሰው ስለሰረቀ ነው፣ ስለዋሸ ነው፣ ወይስ ስለተሳቀበት? ስለተሳቀበት ነው የሚሉት ይበዛሉ። ከዚያ ደግሞ «የሳቁት ልክ ናቸው?» ይመጣል። ይኼ ጥያቄ ክፍል ውስጥ የሚሳቅበትን ልጅ የት እንዳገኘው ሳየው፣ እኔ ምንም ባልጨምር ይሻላል እላለሁ።

አዛውንቱ፦ አንድ ልጨምርብሽ። እዚህ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለቱም አሉ። የማንን ታሪክ ነው የምታስተምሪው? ግብረ ገብ ስትዪ ወላጅ ጆሮውን ያቆማል።

መምህርቷ፦ የሁለቱንም። ከሁሉ የሚወዱት የነጃሺን ታሪክ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ615 ግድም ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች አክሱም ይደርሳሉ። ቁረይሾች መልእክተኞች ስጦታ አስይዘው ይልካሉ፦ ሰዎቻችንን አስረክበን። እኔን ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ንጉሡ እነዚህኞቹንም ልስማ አለ። ከስደተኞቹ ጃዕፈር የተባለው ተነስቶ ተናገረ፣ ከቁርአንም ስለ ማርያም የሚያወሳውን አነበበ። ንጉሡ ስደተኞቹን አላስረክብም አለ፣ ስጦታውንም መለሰ። የሙስሊሙ ልጅ የራሱ ታሪክ ነው ይላል፤ የክርስቲያኑም ልጅ ንጉሡ የኔ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አዛውንቱ፦ ነገሩ ችሎት ነው እኮ። ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አልፈረደም። የወሎ አባጋርም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አብረው ይቀመጣሉ፣ በዳይም ተበዳይም እስኪበቃው ይናገራል። ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ አንዱ ሽማግሌ ተረት ጣል ያደርጋል። ይፈታዋል እንዳትዪ! ጣል አድርጎ ዝም ነው። ተበዳዩ ቤቱ ገብቶ ያስበዋል።

መምህርቷ፦ እንግዲህ እርስዎ ከኔ ጋር ነዎት።

አዛውንቱ፦ አብሽሪ፣ ገና ነኝ። ያ ሽማግሌ ዝም የሚለው ሰሚው አዋቂ ስለሆነ ነው። ነውርን ከልጅነቱ ጠጥቶ ያደገ ሰው ነው። የዛሬ ልጅ ነውሩን ከየት ይማራል? እናት ገበያ፣ አባት ስደት፣ ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ደግሞም ያየውን አይቷል።

መምህርቷ፦ አይቷል። ከዚህ ላይ ከርስዎ ጋር አልከራከርም። በ2014ቱ ጦርነት በዞናችን ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ዴስክ ተማግዷል። ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ ተዘግተን ስንት ጊዜ እንደከፈትን ያውቃሉ። አንድ ቀን አንድ ልጅ «ዴስኩን ያነደደው ሰው እኛ የት እንደምንቀመጥ አስቦ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዛውንቱ፦ ምን መለስሽለት?

መምህርቷ፦ ጥያቄውን በዚያ መልኩ ለችሎት ማቅረብ አልቻልኩም። ስም ይጠራል፤ የእገሌ አባት፣ የእገሌ ወገን ይባላል፤ ከክፍል የወጣው ቃል ማታ ቤት ይገባል። ስለዚህ ለሌላ ቀን የጅብ ተረት ይዤ መጣሁ፤ የጎረቤቶቹን ጎጆ እያፈረሰ እሳት ስለሚሞቅ ጅብ። እኔው የፈጠርኩት ነው። ጅብ ወገን የለውም፣ ሃይማኖት የለውም፣ የማንም አባት አይደለም። ልጆቹ የልባቸውን ሁሉ በሱ ላይ አወረዱት። አንዱ «ብርድ እንዴት ቢጠናበት ነው?» አለ፣ ሌላው «ብርዱ የኔም ነው፣ እኔ ግን የሰው ቤት አላፈርስም» ብሎ መለሰለት። ተረት ከጉዳዩ ፈንጠር ብሎ መቆሚያ ይሰጣል። ልጅ ከዚያ ርቀት ላይ ሆኖ በቁጣውም በፍርሃቱም ላይ ማሰብ ይችላል።

አዛውንቱ፦ አንዳንዱ ነገር ግን በስሙ መጠራት አለበት።

መምህርቷ፦ አለበት፤ በሕግ ፊት፣ በአዋቂ ፊት። አምስተኛ ክፍል ውስጥ ግን እኔ ዳኛም ምስክርም ሆኜ አልችልም።

አዛውንቱ፦ መጽሐፉንስ ከየት ነው የምታመጪው? ቤተ መጻሕፍት የላችሁ።

መምህርቷ፦ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ አህያ በሚስበው ጋሪ መጻሕፍት እያስጫነ ለልጆች ያደርስ ነበር፤ እኛም ጋር እንዲህ ያለ ሰው ቢነሳ ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ። እስከዚያው ከየቤታቸው እንሰበስባለን። መንግሥቱ ለማ «የአባቶች ጨዋታ»ን ከአፍ ለቅሞ አይደል ያሳተመው? ኤልሳቤጥ ሌርድ የምትባል ብሪታኒያዊት ደራሲም በየክልሉ ዞራ የእኛኑ ተረት ሰብስባለች። የኔዎቹ አያቶቻቸውን እየጠየቁ በደብተር ይጽፋሉ። የሀብሩ ወረዳ ከአፋር ጋር ይዋሰን የለ፣ ገበያ ላይ ከአፋር ልጅ የሰማውን ተረት ይዞ የመጣም አለ። በሳምንት አንዱ ተመርጦ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይነበባል።

አዛውንቱ፦ ራሳቸው የፈጠሩትስ የለም?

መምህርቷ፦ እሱንም ልነግርዎ ነበር። ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲያፈራ ከክፍሌ ብዙው ልጅ ማማ ላይ ነው፣ ወፍ ይጠብቃል። ሲመለሱ ከማማው ላይ አንድ ታሪክ አምጡልኝ አልኳቸው። አንዱ እንዲህ ጽፎ መጣ። አንድ ልጅ በወንጭፍ ወፉን ያባርራል። ወፉ ተነስቶ የት ያርፋል? አጠገብ ባለው ማሳ። የዚያ ማሳ ባለቤት ጠዋሪ የሌላቸው አሮጊት ናቸው፤ ማማቸው ባዶ ነው። ልጁ በጮኸ ቁጥር የአሮጊቷ ማሽላ ይበላል። በማግስቱ ማማውን ነቅሎ ድንበሩ ላይ ተከለው፤ ድምፁ ለሁለቱም ማሳ እንዲደርስ። ነገር ግን የራሳቸው ማሳ የወዲያኛው ጫፍ ራቀበትና ወፍ አራገፈው። አባቱ ማታ መጥቶ አየ፣ ገረፈውም። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አዛውንቱ፦ ገረፈው ብሎ ተወው?

መምህርቷ፦ ገረፈው ብሎ ተወው።

አዛውንቱ፦ ሱብሃነላህ! … አባትየውንም መውቀስ አልቻልኩም። የዓመት ቀለቡ ነው።

መምህርቷ፦ ልጁም አልወቀሰውም። ስናነበው ክፍሉ ሁለት ቀን ተከራከረበት። ማማው ይመለስ የሚል፣ አባትና አሮጊቷ ይነጋገሩ የሚል፣ ልጆች ተራ ገብተው ይጠብቁላቸው የሚል መጣ። የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጡት ሦስት ልጆች አንድ ሰፈር ናቸው። የሚጠብቁላቸው ሰው በእውነት ይኑር አይኑር አልጠየቅኋቸውም።

አዛውንቱ፦ አትጠይቂያቸው። ማርኩንስ እንዴት ትሰጪያለሽ? ርዕሰ መምህሩ ውጤት አምጪ ይልሻል።

መምህርቷ፦ ለጥሩ መልስ ማርክ አልሰጥም፤ ጥሩ መልስ ይቀዳል። የተቃራኒውን ወገን ክርክር ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ አሟልቶ ለደገመ ልጅ ነው ትልቁ ማርክ። ይኼ አይቀዳም፤ መስማት ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ የሚችለው አልነበረም። አሁን ግን እየተማሩት ነው።

አዛውንቱ፦ እኛ ሽማግሌ ስንመርጥ የምናየው ይህንኑ ነው። የጠላቱን ነገር ሳያጎድል የሚናገር ሰው እንፈልጋለን።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ማክሰኞ ክፍሌ ይምጡልኝ። የነጃሺን እርስዎ ይንገሩልኝ።

አዛውንቱ፦ እመጣለሁ። ግን በቃላቸው የሚይዙት አንድ ግጥም ሳላስጨብጣቸው አልወጣም።

መምህርቷ፦ ያስጨብጧቸው፤ እኔም አብሬ እይዛለሁ። ምክሩን ብቻ እዚያው እንዳይፈቱት።

አዛውንቱ፦ ከጠየቁኝስ?

መምህርቷ፦ መልሰው ይጠይቋቸው፣ እስከ ደወል ድረስ።

አዛውንቱ፦ ከደወል በኋላ ተከትሎኝ ለሚመጣው ልጅ ግን እነግረዋለሁ።